የምክር ዓምድ፦ የአክስቴ በግ በማን ቢላ ይታረድ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው። የልጆች እናት ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእስላም ቤት ተወልዳ ክርስትና ተነሥታ አባቴን ያገባች ናት። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ገራዶ ትኖራለች፤ አምስት አውቃት ሰጋጅ ናት። ራሴን ካወቅሁ ጀምሮ ለገና እሷ እኛ ጋ ትመጣለች፤ ለዒድ እኛ እሷ ጋ እንሄዳለን። ለእሷ የሚሆነውን ጠቦት ባለቤቷ መጥቶ እዚሁ ግቢያችን ጥግ ያርዳል፤ በራሷ ድስት ትሠራለች። እናቴ ከሞተች በኋላም አልቀረም።

ዘንድሮ አዲስ አበባ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ደወለና ‹በጌታ ልደት ቀን የእስላም ቢላ ግቢያችን እንዳይገባ፤ ከገባ እኔ አልመጣም› አለኝ። ስልኩ ላይ ጧት ማታ የሚሰማቸው ሰባኪዎች አሉ። በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹ለገና እንኳን አደረሳችሁ ማለት ሐራም ነው› የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። አባቴ ሁለቱንም ሰምቶ ‹እኔ ሳልሞት የልጆቼ እናት እህት በር አይዘጋባትም› ብሏል። እኔ መሐል ቀረሁ።

በዚያ ላይ ኑሮው አለ። የበግ ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ተፈናቃዩ ሐይቅ ዙሪያ በየመጠለያው ተኝቶ፣ ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ተኩስ እየሰሙ እያደሩ፣ እኛ ድግስ ስንል አያሳፍርም? ልጄ ደግሞ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ካልተገዛልኝ ብላ አኩርፋለች። አንዳንዴ ሁሉን ትቼ ላሊበላ ሄጄ ማክበር ያምረኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መሐል የቀረችው

እህቴ፣ አብሽሪ። የጻፍሽው ጉዳይ ብዙ ነው፤ እንቅልፍ የነሳሽ ግን አንዱ እንደሆነ ገብቶኛል። እሱም ቢላው ነው። ከእሱ ልነሣ።

ወንድምሽን «ምንም አያውቅም» ብዬ አላጣጥለውም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ክርስቲያን በእስላም እጅ የታረደ አይበላም፤ እስላሙም በክርስቲያን እጅ የታረደውን አይነካም። ይህን ወሎ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ሕፃንም ያውቀዋል። ወንድምሽ የሳተው፣ የአክስትሽ ባለቤት ቢላቸውን ይዘው የሚመጡት ይኸው ሥርዓት እንዳይፈርስ መሆኑን ነው። ያ ጠቦት ለእናንተ አልታረደም፤ አትቀምሱትምም። ሰውዬው የእናንተን በግ ልረድ ቢሉ፣ ወይም እናንተ ያረዳችሁትን ለአክስትሽ «ግድ የለም፣ ይብሉ» ብላችሁ ብታቀርቡ ኖሮ፣ ቁጣው ቦታ በኖረው ነበር። እሱ ግን የተቆጣው ሥርዓቱን በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው።

ልጅ ሆኖ ያየውን ረስቶት ይሆናል። የእናንተን ቤት ባላውቀውም የብዙ ወሎ ቤት የበዓል ጧት እንዲህ ነው፦ ከቅዳሴ መልስ ጾም ተፈትቶ፣ ግቢው ጭስ በጭስ ሆኖ፣ በአንዱ ጥግ የቤቱ በግ ይገፈፋል፣ በሌላው ጥግ የእንግዳዋ። ቢላው ሌላ፣ መክተፊያው ሌላ፣ ድስቱም ማማሰያውም ሌላ። እንግዳዋ ድስታቸው አጠገብ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፤ አንድ ልጅ ተሳስቶ የዚያኛውን ጭልፋ ወደዚህኛው ሊነክር ሲል «ሃይ!» ብለው እጁን ይይዙታል። ሽንኩርቱን የከተፈችላቸው ግን የቤቱ እመቤት ናት። በርበሬው ከአንድ ዕቃ ይዘገናል፣ ንጥር ቅቤው ከአንድ ማሰሮ ይወጣል፣ እንጀራው ከአንድ ሌማት ይነሣል። ለቤተኛው ጠላ፣ ለእንግዳዋ ቃሪቦ ወይም ብርዝ ይቀዳል። አንዱ «በስመ አብ» ብሎ ይቆርሳል፣ አንዷ «ቢስሚላህ» ብለው ይጎርሳሉ። ቡናው ሲደርስ የሚለይ ነገር የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ እስከ ማታ።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ያይና «ወሎዬ እስላም ክርስቲያን ብሎ አይለይም» ብሎ ይጽፋል። ውዳሴው ደስ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። እንደ ወሎ ሰው አጥርቶ የሚለይ የት አለ? ድስት ለይቶ፣ ማማሰያ ለይቶ፣ መጠጥ ለይቶ ነው የሚያድረው። አክስትሽ ሳይሳቀቁ እጃቸውን ታጥበው ከማዕዳችሁ የሚቀርቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ ቤት ማንም እንደማያታልላቸው ያውቃሉ። መለያየቱን በደንብ ስላወቁበት አብሮ መብላቱ ተቻለ። «ሁላችንም አንድ ነን፣ ምን ልዩነት አለ» የሚለው ሰውና «ድርሽ እንዳይሉ» የሚለው ሰው ጠላቶች ይመስላሉ። ለእኔ ሁለቱም የአክስትሽን ድስት ልብ ብለው ያላዩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ድስቱ አያስፈልግም ይላል፤ ሁለተኛው ባለ ድስቷን አይፈልግም።

ወንድምሽ ታሪክ ከወደደ ደግሞ ከደሴ ብዙ የማትርቀውን ቦሩ ሜዳን አንሺበት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንቱን ሰብስበው ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው፤ ምኒልክም ነበሩ። ክርክሩ ስለ ምን ነበር? ስለ ልደት! ክርስቶስ ሁለት ልደት አለው ወይስ ሦስት የሚል። ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት ተወለደ፣ ልደቱም ሁለት ነው የሚለው ጸና። ለገና በዓል ዐውደ ምሕረት ላይ የምንሰማው ትምህርት ይኸው ነው፤ በእኛው መስክ ላይ ተከራክረውበታል ማለት ነው። ታዲያ ሰዎች ይህን ሲተርኩ ቀጥሎ ያለውን ይዘልሉታል። የወሎ እስላም ክርስትና ይነሣ የሚለው ትእዛዝ የጸናው በዚያው ሰሞን ነበር። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላ ንጉሥ ሆኑ፣ እዚህ ደሴ የአይጠየፍን አዳራሽ አሠሩ። ሕዝቡ ግን? የተሰደደ ተሰደደ፣ የተዋጋ ተዋጋ፣ የቀረውም ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ።

ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት የኖረው በፍቅር ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። እናንተ ቤት በጋብቻ ገባ፤ በሌላው ቤት በንጉሥ አዋጅ ገብቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሁሉ ድስት የመለየት ወግ የጠነከረው ግዳጅ ምን እንደሚያስከትል በራሱ ላይ ባየ ሕዝብ መካከል ስለሆነ ነው። ንጉሠ ነገሥት ያቃተውን የስልክ ሰባኪ ይችለዋል ብዬ አልሰጋም። አንድ ቤት ማፍረስ ግን አያቅተውም፤ ለእሱ ብዙ ሠራዊት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ከወንድምሽ ጋር በስልክ አትከራከሪ። በጽሑፍማ ጨርሶ! ለዋዜማው ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እንዲመጣ ለምኚው፤ በግ ታስሮ፣ ዶሮ እየተገነጠለ የሚነሣ ጠብ አይበርድም። ሲመጣ አባትሽ በሌሉበት አንድ ነገር ጠይቂው፦ «የጨነቀህ ሥጋው እንዳይነካካ ነው ወይስ አክስታችን እንዳትመጣ?» መልሱን ሳታቋርጪ ስሚው።

የመጀመሪያው ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ገራዶ ሩቅ አገር አይደለም። ጠቦቱ እዚያው ይታረድ፣ እዚያው ይሠራ፣ በራሳቸው ድስት ተከድኖ ይምጣ። ቢላው አልገባም፤ አክስትሽም አልቀሩም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ መብል ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ሥጋ አልበላም እስከማለት ደርሷል (1ኛ ቆሮ. 8፥13)፤ ለወንድም ኅሊና ብሎ የማረጃ ቦታ ማዛወር ከዚያ አይከብድም። አባትሽ «ለልጅ ተሸነፍን» ብለው ቅር ሊላቸው ይችላል። የእሳቸው ቃል በር እንዳይዘጋ እንጂ በግ የት ይታረድ የሚል እንዳልነበር አስታውሻቸው። ለአክስትሽ ግን በልጅ አትላኪባቸው፣ በስልክም አትንገሪያቸው። ራስሽ ሄደሽ፣ ቡና ጠጥተሽ፣ እንደ እናትሽ አድርገሽ ንገሪያቸው። ምክንያቱንም አትሸፍኚው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከአንቺ ካልሰሙት ከጎረቤት ይሰሙታል፣ ያኔ ይከፋል።

ሁለተኛው ከሆነ፣ ማለትም ወንድምሽ አክስቱ ራሳቸው እንዳይመጡ የሚፈልግ ከሆነ፣ ጉዳዩ የሥጋ ሥርዓት መሆኑ አብቅቷል። ያኔ ተያይዛችሁ የንስሐ አባታችሁ ጋ ሂዱ። እኔ ቄስ አይደለሁም። ያ የስልኩ ሰባኪም የእናንተ ንስሐ አባት አይደለም፤ ግቢያችሁን አያውቅም፣ እናታችሁ ስትታመም ማን እንዳስታመማት አያውቅም። ይህን ሁሉ አድርገሽ «አልመጣም» ካለ ይቅር። አክስትሽን አስቀርተሽ እሱን አታምጪ። ማኩረፉ የእሱ ነው፣ ቤቱ የአባትሽ ነው። ድርሻውን አስቀምጪለት፤ የደሴ ልጅ ገናን አዲስ አበባ ብቻውን ተቀምጦ ሲያሳልፈው ሆዱ መባባቱ አይቀርም።

በነገራችን ላይ ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ገና ረቡዕ ስለሚውል «ይጾማል ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ሌሎችም አላችሁ። አይጾምም። ልደትና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል፤ ፍትሐ ነገሥቱም ይህን ያዛል።

የአክስትሽን ልጅ በተመለከተ ብዙ አልልም። እስላም ለክርስቲያን በዓል ምን ይበል፣ ምን አይበል የሚለውን መምከር የእኔ ፋንታ አይደለም፤ የራሱ ሼሆች፣ የራሱ ዑለማዎች አሉት። አንድ ነገር ግን ከእሱ ወገን ሆነሽ እዪለት። ኢሳ ከመርየም መወለዱ በቁርኣን 19ኛው ሱራ ላይ አለ፤ አክስትሽ ያውቁታል፣ ያከብሩታል። እኛ ታኅሣሥ 29 የምናከብረው ግን አምላክ ሰው ሆነ ብለን ነው። እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ በቡናም አይሟሟም። ልጁ «እንኳን አደረሳችሁ» ካልኩ ይህንንም ተቀበልኩ ማለት ነው ብሎ ከሰጋ፣ ሥጋቱን እረዳለሁ። እናቱ ግን ይህን ሁሉ ዘመን «እንኳን አደረሳችሁ» ሲሉ የኖሩት ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ ነው፤ እሱም ይህን አይቷል። ቃሉን ከአፉ ለማውጣት አትታገዪው። ፌስቡኩ ሥር ገብተሽም መልስ አትጻፊ። ቀድሞ ነገር መቼ ነው በወሎ ጉርብትና በሰላምታ ቃል የተለካው? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው፣ ወፍጮ ቤት ተራ የሚይዝልሽ፣ ልጅሽ ሲጠፋ አብሮሽ የሚፈልገው ነው ጎረቤት። ልጁ በበዓሉ ቀን መምጣት ከከበደው በማግስቱ ለቡና ጥሪው። ቡና እንኳ ሐራም የሚለው ያለ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ኃፍረትሽ ልምጣ፤ በእኔ ግምት የደብዳቤሽ ከባዱ ክፍል እሱ ነው። ሰው ሲፈናቀል፣ ሰው ሲሞት፣ እኛ ጥጋብ?

የ2014ን ገና መቼም አትረሺውም። ደሴ በጥቅምት ተይዛ ኅዳር 27 ቀን ነው የተለቀቀችው፤ ገና የደረሰው ከተማዋ ገና ሳታገግም ነበር። ሆስፒታሉ ተዘርፏል፣ ሱቁ ተሰባብሯል፣ ስንቱ ቤት ሐዘን ተቀምጧል። ያም ሆኖ ቄጠማው ተጎዘጎዘ። ዱቄት ያገኘ ድፎውን ደፋ፣ ያላገኘ ቆሎ ቆላ፤ ማንም «ዘንድሮ ይከበር ወይስ ይቅር» ብሎ ሲወያይ አልሰማሁም። ሰው በሕይወት የተረፈ ዘመዱን ፊት ማየት ፈልጎ ነበር፤ በዓሉ ሰበብ ሆነለት። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ሰላሙ አልሞላልንም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ግጭቱ አልበረደም። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ገጠር ያለው ዘመድ ይምጣ አይምጣ እስከ መጨረሻው ሰዓት አይታወቅም።

ወንጌሉን አንብቢው እስቲ። ዮሴፍና እመቤታችን ከናዝሬት ቤተልሔም የወጡት በቄሣር ትእዛዝ ለመቆጠር ነው። ማደሪያ ጠፋ፣ ሕፃኑ በግርግም ተኛ። ብዙም ሳይቆይ ሄሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት ሊያስፈጅ ተነሣ፣ እነሱም በሌሊት ወደ ግብፅ ተሰደዱ። የልደቱ ታሪክ ራሱ የቆጠራ፣ የማደሪያ ማጣትና የስደት ታሪክ ነው። ሐይቅ መጠለያ ውስጥ ያለችው እናት ገናን ከእኔና ከአንቺ በተሻለ ትረዳዋለች ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ማክበሩ አያሳፍርሽ። መጠኑን ግን አስቢበት።

ዋጋው ራሱ መጠኑን እየወሰነልን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሲሆን ዘይቱም ጨርቁም ተከትሎት ወጣ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ግን እንደ ዘይቱ አልሮጠም። በግ ዘንድሮ ባይታረድስ? ለእናንተ አንድ ዶሮ፣ በአክስትሽ እጅ ደግሞ አንድ ዶሮ ይበቃል። ዶሮዋም ተለይታ መታረዷ አይቀርም፤ ግን ገራዶ ታርዳ በትንሽ ድስት ለመምጣት ከበግ ትቀላለች። ለቀረው አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው ሁላችሁንም ያስማማል። የሰፈር ቅርጫ ካለም ለበግ የሚወጣውን ከፍለሽ ሳይሆን አቅምሽ የፈቀደውን መደብ ያዢ። እንግዳ የሚመጣው አንቺን ብሎ እንጂ ሥጋሽን ቆጥሮ አይደለም።

ለተፈናቃዮቹ ከበዓሉ በፊት አድርሺ። የበዓል ማግስት የተረፈ ወጥ በላስቲክ ተቋጥሮ ሲላክ አይቻለሁ፤ እባክሽ እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አታድርጊ። የገና ጾም ኅዳር 15 የገባ የነቢያት ጾም ነው፤ ከነቢያቱ አንዱ ኢሳይያስም የምትጾሙት እንጀራችሁን ለራበው ልትቆርሱ፣ ቤት የሌለውን ድሃ ወደ ቤታችሁ ልታስገቡ ነው ብሎናል (58፥7)። በጾሙ የተቆጠበው ጥቂት ብር ካለ ጤፍ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና ይግዛ። ወለጋን ለቅቀው ከመጡት ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ደረቅ እህልና ሳሙና ቢላ አያከራክርም። ሄደሽ ለመስጠት ከቻልሽ ልጅሽን ይዘሻት ሂጂ። ፎቶ አታንሺ።

ከልጅሽ ጋር ከተነሣን፣ ዛፉ። በዛፍ ላይ ጦርነት ከሚያውጁት ወገን አይደለሁም። ኃጢአት ነው አልልሽም፤ የእኛ ነው ብዬም አላታልልሽም። የፈረንጅ ክረምት ምልክት ነው፤ ጥጥ እየበታተኑ በረዶ ማስመሰሉ ደግሞ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደሴ፣ ሳያስቀኝ አይቀርም። ፈረንጆቹ ታኅሣሥ 16 አክብረው ሲጨርሱ የተረፈው ብልጭልጭ እኛ ገበያ ላይ ይቆያል፤ ልጅሽም በየሱቁ መስኮትና በየስልኩ እሱን ስታይ ነው የከረመችው። «አይሆንም» ብቻ ብትያት ዛፉን የበለጠ ትወደዋለች። በምትኩ የምትይዘው ነገር ስጫት። ዋዜማውን ሌሊት ቀስቅሰሽ፣ ነጠላ አልብሰሽ፣ ጧፍ አስይዘሽ ቤተ ክርስቲያን ውሰጃት፤ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ከቤት መውጣትን የመሰለ ደስታ የለውም። ዳቦው ሲደፋ ኮባውን እሷ ታንጥፍ። አባትሽም የገና ዱላ እንዴት እንደሚቆለመም፣ ሩሯ እንዴት እንደምትለጋ ያሳዩዋት፤ የእሳቸው ዕድሜ ሰው ሜዳ ላይ ተጋጭቶ ያደገ ነውና ሳይጠየቁም ያወራሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሏት ከፊቷ ላይ ኩርፊያው ይለቃት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ዛፍ ካለች ከግቢ አንድ የጽድ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ስጫት፤ እሱ ብር አያስወጣም።

ላሊበላ መሄድሽን አልቃወምም፤ ማንስ ይቃወማል? የቅዱስ ላሊበላ ልደትም በዚያው ዕለት ስለሆነ በዓሉ እጥፍ ነው። ከላስታና ከዋግ፣ ከዚያም አልፎ ከጎንደር በእግሩ የሚመጣ ምእመን አለ፤ የአገሬው ሰው እንግዳውን እግሩን አጥቦ ይቀበላል። በ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነጭ ለብሶ ሲጸልይ ያደረው ሕዝብ ጧት ቤተ ማርያም ላይ ይሰበሰባል፤ ካህናቱ ግማሾቹ ላይ ማሜ ጋራ፣ ግማሾቹ ታች ሆነው ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲቀባበሉ ያየ ሰው ደግሞ ማየት መመኘቱ አይቀርም። ግን ዘንድሮ የምትሄጂው ከቤት ጠብ ለመሸሽ ነው። አንቺ እዚያ እግርሽን ስትታጠቢ አክስትሽ እዚህ በር ላይ ቢቆሙ ማን ይከፍትላቸዋል? አባትሽ አርጅተዋል፣ ወንድምሽ አኩርፏል። ሌላ ዓመት፣ መንገዱም ሲረጋጋ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

የመጨረሻ ነገር። ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 9 ቀን 2018 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃዋ ስትታይ በዚያው ሳምንት። ዒድ አልፈጥር እንግዲህ በሁዳዴ መካከል ይውላል ማለት ነው፤ ገራዶ ስትሄዱ ሥጋ ቀርቶ ቅቤም አትቀምሱም። አክስትሽ አስበውበት ይሆናል፤ ቢሆንም የገና ዕለት ቡናው ላይ አንሺው። ቅቤ ያልነካው ድስት ከሌላቸው ከቤትሽ አንድ የጾም ድስት ይውሰዱ፣ እስከ ዒዱ እዚያ ይቀመጥ። ወንድምሽ ከመጣ ድስቱን ተሸክሞ እስከ ታክሲው የሚያደርሳቸው እሱ ይሁን።